መቀስና አደይ

መስከረም ሲጠባ በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በጀሞና በለቡ ኮንዶሚኒየሞች መካከል ከተከፈቱት አጸደ ሕፃናት ወደ አንዳንዶቹ ጎራ ያለ ሰው ግድግዳው ላይ የወረቀት ቅጠሎች ተለጥፈው ያገኛል። ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቡናማ ናቸው። ቅርጻቸው በካናዳ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ያለው የሜፕል ቅጠል ነው። ከጎናቸው የኦክ ዛፍ ፍሬ አለ፤ ዓይንና አፍ የተቆረጠለት ዱባም አይጠፋም። መምህሯ ንድፉን ከኢንተርኔት አውርዳ አሳትማዋለች፤ ልጆቹ በመቀስ ቆርጠው በኮላ ለጥፈውታል። ልፋታቸው ያስመሰግናል። ከመስኮቱ ውጭ ግን የሚረግፍ ቅጠል የለም። ዝናቡ ሊሰናበት ነው፤ ሣሩ ጉልበት ደርሷል፤ በአጥሩ ሥር፣ በቦዩ ዳር፣ ቤት ባልተሠራበት ባዶ ቦታ ሁሉ አደይ ቢጫ ለብሶ ወጥቷል። በግድግዳው ቅጠልና በአጥሩ ሥር ባለው አበባ መካከል ያለው ርቀት ለብዙ ሰው ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም። እኔ ግን ቁም ነገር ነው ባይ ነኝ።

ቅጠል የሚረግፈው በምክንያት ነው። ለንደንን ብንወስድ፣ በሰኔ አጋማሽ ቀኑ ከ16 ሰዓት በላይ ይረዝማል፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ወደ 8 ሰዓት ይወርዳል። ዛፉ ይህን ማጠር ያውቀዋል። ብርሃኑ ሲያንስና ብርዱ ሲቃረብ ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ይፈራርሳል፤ ሞቃቱን ወራት ሁሉ ከአረንጓዴው ሥር ተሸፍኖ የከረመው ቢጫ ይገለጣል፤ በአንዳንድ ዛፎች ላይ ደግሞ ቀይ ቀለም በዚያው ሰሞን እንደ አዲስ ይሠራል። ከዚያ ዛፉ በቅጠሉ አንገት ላይ ስስ ሽፋን አበጅቶ የውኃውን መንገድ ይዘጋና ቅጠሉን ይለቀዋል። የቶሮንቶና የለንደን ልጅ ቀይ ወረቀት ቆርጦ ግድግዳ ላይ ሲለጥፍ፣ ጠዋት በእግሩ እየረገጠ የመጣውን ነገር መመስከሩ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም። የእኛን ሜዳ የሚያስነሳውም የሚያስተኛውም ዝናብ ነው። ስለዚህ በሰሜን ቅጠሉ በሚወድቅበት ሰሞን እዚህ ምድር ያብባል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቀመርም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ብሎ ለአበባ ሰጥቷቸዋል።

አደይ ራሱ ሊታሰብበት የሚገባ ተክል ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ባይደንስ ማክሮፕቴራ ይሉታል። የደጋ ተክል ነው፤ ዕድሜው አንድ ዓመት አይሞላም። ክረምቱን ጠጥቶ ያድጋል፣ በመስከረምና በጥቅምት ያብባል፣ ዘሩን ጥሎ ይደርቃል። ማንም አይዘራውም፤ ማንም ውኃ አያጠጣውም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ሌላውም፣ አዲሱን ዓመት የሚቀበለው በእሱ ነው።

ወረቀት ወደዚህ በዓል የገባው በልጆች እጅ ነው። ልጃገረዶች አበባና ለምለም ሣር ይዘው አበባየሆሽ እያሉ ይዞራሉ። ወንዶቹ ደግሞ ጳጉሜን ሙሉ ወለል ላይ ተዘርግተው ሥዕል ይሥላሉ፦ አበባ፣ መልአክ፣ ፀሐይ፣ ዶሮ። ደብተር ተገንጥሎ፣ ወረቀቱ በምላጭ ለአራት ተከፍሎ፣ ከለሩ በተራ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ፣ ለጎረቤት ሁሉ የሚበቃ ሥዕል ይዘጋጃል። መስከረም 1 ቀን ጠዋት አንኳኩቶ መግባት ነው። «እማማ፣ እንኳን አደረሰዎት!» «እንኳን አብሮ አደረሰን የኔ ጌታ! ለከርሞም በሰላም ያድርሰን።» ሥዕሉ ይሰጣል፤ ሳንቲሙ፣ ዳቦው ይመጣል። ሥዕሉ የቡፌው መስታወት ላይ ይሰካና እስከ መስቀል፣ አንዳንድ ቤት እስከ ጥምቀት ድረስ እዚያው ይከርማል። ልጁ በሌላ ቀን ተልኮ ሲገባ የገዛ ሥራውን የሰው ቤት ተሰክቶ ያየዋል። ይህ ለአንድ ሕፃን ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ዛሬ ዛሬ የታተመ ካርድና ሥዕል በየመንገዱ ይሸጣል። ልጁ ይገዛና መልሶ ይሰጣል፤ ገንዘቡንም ይቀበላል። በዓሉ አልቀረም። የቀረው የጳጉሜን ሥራ ነው፤ ሰጪው በሚሰጠው ነገር ውስጥ የራሱ እጅ የለበትም። እጅ ከሌለበት ደግሞ ዓይንም የለበትም፤ የታተመውን አበባ ለመግዛት አበባ አይቶ ማወቅ አያስፈልግምና።

መቀስን የማነሳው እዚህ ላይ ነው። እርሳስ ይቅርታ ያውቃል። የተሳሳተ መስመር በላጲስ ይጠፋል፣ ካልጠፋም በላዩ ይደገማል። መቀስ ግን አንዴ ያለፈበትን መልሶ አይገጥመውም። ስለዚህ መቀስ የያዘ ልጅ ከመቁረጡ በፊት ለአንዲት አፍታ ይቆማል። ያቺ አፍታ ለእኔ የዚህ ሥራ ሁሉ ልብ ናት። የአበባው ቅጠል የት ይጀምራል? ጫፉ ሹል ነው ወይስ ክብ? ከጎረቤቱ ቅጠል ጋር ሥሩ ላይ ይገናኛል ወይስ ተለያይቶ ነው የበቀለው? እርሳስ ይህን ሳይጠይቅ ሊያልፍ ይችላል፤ በጥላ፣ በጭረት፣ በቀለም ይሸፋፍነዋል። መቀስ መሸፋፈኛ የለውም። አንድ ነገር የት እንደሚያበቃ ያላወቀ ሰው ሊቆርጠው አይችልም። የአንድን ነገር ዳርቻ ማወቅ ደግሞ ነገሩን ማወቅ ለሚባለው ትልቅ ጉዳይ የመጀመሪያው በር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የሚሻለው ወረቀት ያለፈው ዓመት የግድግዳ ካላንደር ነው፤ ወፍራም ነው፣ ጀርባው ነጭ ነው፣ ከጳጉሜን በኋላም የሚፈልገው የለም። በቢጫ ከለር ይቀባል። የብርጭቆ አፍ ተደፍቶበት በዙሪያው ክብ ይሠመርና ይቆረጣል። ክቡ ለሁለት ይታጠፋል፣ ደግሞ ለሁለት፣ ደግሞ ለሁለት። አሁን በእጅ ያለው ስምንት ድርብ የሆነ ጠባብ ቁራጭ ነው። ሰፊው ጠርዝ ከሁለቱም ማዕዘን እየተከረከመ ክብ ይደረጋል፤ የሾለው ጫፍ አይነካም። ሲዘረጋ ስምንት ቅጠል ያለው አበባ ይወጣል። መካከሉ ላይ ጠቆር ያለ ትንሽ ክብ ይለጠፍበታል። ኮላ ካልተገኘ የስንዴ ዱቄት በውኃ በጥብጦ እሳት ላይ እያማሰሉ ማወፈር ይበቃል፤ ወረቀት አሳምሮ ይይዛል። ለመስቀል ሰሞን ደግሞ ችቦ አለ፤ የደብተር መሸፈኛው ክላሴር በቀጫጭኑ ተቆርጦ ይጠቀለላል፣ ወገቡ ላይ ይታሰራል፣ አናቱ ላይ ቀይ ወረቀት ይሰካል። የበቆሎ እሸትም አለ፤ ቢጫ ቁራጭ በረጃጅም አረንጓዴ ቅጠሎች ተሸፍኖ፣ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ይላጣሉ። መስከረም የእሸት ወር ስለሆነ ልጁ ይህንን ማንም ሳያሳየው ያውቀዋል።

ሁለት ነገር ግን ትልቁ ሰው ማወቅ አለበት። ክብ ሲቆረጥ የሚዞረው መቀሱ ሳይሆን ወረቀቱ ነው፤ ቀኝ እጅ ባለበት ይሠራል፣ ግራ እጅ ወረቀቱን ቀስ እያለ ያዞርለታል። ግራኝ ልጅ ካለ ደግሞ እባካችሁ ሰነፍ አትበሉት። የተለመደው መቀስ ለቀኝ እጅ የተሠራ ነው፤ በግራ እጅ ሲያዝ ሁለቱ ስለቶች ይራራቃሉና ወረቀቱን ይጨመድዱታል እንጂ አይቆርጡትም። ለግራ እጅ የሚሆን መቀስ አለ። እሱ እስኪገኝ ልጁ ማጠፉንና መለጠፉን ይያዝ።

ወደ እጥፋቱ ልመለስ፤ ብዙ የሚያሳስበኝ እሱ ነውና። ልጁ የሚቆርጠው የሚታየውን አንዱን ገጽ ነው። ሰባቱ ከሥር ናቸው፤ አያያቸውም። በማያያቸው ላይ ግን እየሠራ ነው። ሲዘረጋው ያልጠበቀው ሙሉ ነገር ፊቱ ይቀርባል። እጁ ስታ የገባችበት ቦታ እንኳ ስምንት ጊዜ ተደግማ ጌጥ ሆና ትገኛለች። ሥርዓት የሚባለው ነገር ምንጩ መደጋገም እንደሆነ በዚህ ዕድሜ በእጅ መማር ትልቅ ትምህርት ነው። የመስቀሎቻችን ጥበብም ከዚህ የራቀ አይደለም። የላሊበላ መስቀል የሚባለውን ዓይነት አስተውሉ፤ ቀኙ ግራውን ይደግማል፣ ብረቱ ደግሞ በቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ካህኑ ከፍ ሲያደርገው ዓይን የሚያየው ብረቱን ብቻ ሳይሆን በብረቱ መካከል የሚያልፈውን ብርሃን ጭምር ነው። አራት ማዕዘን ወረቀት ለአራት አጥፎ እጥፋቱ ላይ ትናንሽ ቀዳዳ የሚያወጣ ልጅ ወደዚያው መንገድ እየገባ ነው። ሠርቶ መስኮት ላይ ቢለጥፈው የጠዋቱ ፀሐይ የቀረውን ያስረዳዋል።

ከዚህ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብንሄድ ላሊበላ ራሷ ትመጣለች። ቤተ ጊዮርጊስ ድንጋይ ተደራርቦ አልቆመም። ከአለቱ የማይፈለገው ተጠርቦ ሲወጣ የቀረው ነው ቤተ መቅደስ የሆነው፤ ከመሬቱ ገጽ ወደ 12 ሜትር ወደ ታች። ጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ መስቀሎች አሉ። በቤተ ማርያም ግድግዳ ላይ ደግሞ መስኮቶቹ ራሳቸው በልዩ ልዩ የመስቀል ቅርጽ የተቀደዱ ናቸው። ጠራቢው ከአንድ ምት በኋላ መመለሻ አልነበረውም፤ የወጣ ድንጋይ ተመልሶ አይገባም። መቀስ ከያዘው ልጅ ጋር በመጠንና በክብር አይነጻጸሩም፤ የሁለቱም ሥራ ግን የሚጀምረው የሚወጣውን ከሚቀረው በመለየት ነው። በመጨመር የሚሠራ ሰው ሐሳቡን በመንገዱ ላይ ሊያገኘው ይችላል። በማውጣት የሚሠራ ሰው ግን ነገሩን አስቀድሞ ማየት አለበት።

ይህ የእኛ ብቻ ጥበብ አይደለም። ወረቀትን ለዓለም የሰጠችው ቻይና ከእሱ ጋር መቁረጡንም ሰጥታለች። እዚያው በቱርፋን በረሃ ከመቃብር የተገኙት ጥንታውያን የወረቀት ቅርጾች ወደ 6ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የሚቆጠሩ ናቸው፤ ክብ ናቸው፣ ታጥፈው የተቆረጡ ናቸው። በቻይና ገጠር ሴቶች ለአዲስ ዓመታቸው ቀይ ወረቀት በአበባና በእንስሳት ቅርጽ ቆርጠው መስኮት ላይ ይለጥፋሉ። ዩኔስኮ ይህን ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2009 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። የእነሱ የአዲስ ዓመት የወረቀት አበባ ነው፤ የእኛም እንደዚያው። በቅርቡ ዘመን ደግሞ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማቲስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1941 ከባድ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ቆሞ መሳል እየተሳነው ሲሄድ መቀስ አነሣ። ረዳቶቹ ወረቀቱን በቀለም ይቀቡለታል፣ እሱ ተቀምጦ ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. በ1946 የሠራቸው «ኦሽንያ» የተባሉት ትላልቅ ሥራዎቹ በባሕር ቅጠል፣ በዓሣና በወፍ የተሞሉ ናቸው። ፈረንሳይ ተቀምጦ የሩቅ ደሴት ቅጠል ቆረጠ ብሎ የሚከራከረኝ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ማቲስ እ.ኤ.አ. በ1930 ታሂቲ ሄዶ ያንን ባሕር አይቶታል፤ እንዲያውም ገብቶ ዋኝቶበታል። 16 ዓመት በዓይኑ ሲዞር ከርሞ ነው በመቀሱ የወጣው። ሩቁን መቁረጥ አይከለከልም፤ ያላዩትን መቁረጥ ግን የሌላውን ሰው ማየት መገልበጥ ነው።

ስለዚህ የሜፕሉን ቅጠል አልጠላውም። ልጆቻችን በዓለም ላይ ቅጠል የሚረግፍበት አገር እንዳለ ይወቁ፤ ምክንያቱንም ጠይቀው ይረዱት። በካናዳና በአሜሪካ ዘመድ ያለው ቤት በአዲስ አበባ ብዙ ነው፤ ከአክስት የመጣ ፎቶግራፍ ላይ ያንን ቀይ ቅጠል ያየ ልጅ ቢቆርጠው ደስ ይለኛል፤ ፎቶግራፉም ቢሆን ማየት ነው፣ ከሚወደው ሰው የመጣ ማየት። የሚያሳዝነኝ የታተመው ንድፍ ልጁን ከማየት ነፃ ሲያወጣው ነው። መስመሩ ተሰምሮ ቀርቦለታል፤ የሚቀረው መስመሩን መከተል ብቻ ነው። ያቺ ቅድም ያልኳት አፍታ ትጠፋለች። እጁ ሠልጥኗል፤ ዓይኑ ግን ከክፍሉ አልወጣም። የአገሩም ወቅት ከትምህርት ቤት ግድግዳ ውጭ የቀረ፣ የማይጻፍና የማይቆረጥ ነገር መስሎት ያድጋል።

እዚህ ላይ ለራሴ ሐሳብም አንድ ተቃውሞ ላቅርብ። ስምንት እኩል ቅጠል ያለው የወረቀት አበባ አደይ ነው? አይደለም። ሜዳ ወጥቶ አንዱን ቀጥፎ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ አንዱ ቅጠል አጥሯል፣ ሌላው ጫፉ ተሰንጥቋል፣ ሦስተኛውን ትል በልቶታል። እጥፋቱ የሚሰጠን ሁሉም አደዮች የሚጋሩትን መልክ ነው፤ በጀሞ መንገድ ዳር የበቀለችውን ያቺን አንዷን አደይ አይሰጠንም። ለዚህ ነው ሥራው በእጥፋት እንዲያበቃ የማልፈልገው። ልጁ መጀመሪያ አጥፎ ይቁረጥ፤ ሥርዓቱን ይያዝ። ቀጥሎ እውነተኛው አበባ ፊቱ ይቀመጥለትና እያንዳንዱን ቅጠል ለየብቻ፣ ሳያጥፍ፣ እያየ ይቁረጠው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲለጥፋቸው ፈላስፎች ስለ ወልና ስለ ተናጠል ብዙ የተከራከሩበት ነገር ወረቀት ላይ ተቀምጦለታል። ስሙን መንገር አያስፈልግም፤ ልዩነቱን አይቷልና።

የተረፈው ቁርጥራጭስ? የመጀመሪያዎቹን አጸደ ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹና 40ዎቹ ጀርመን ውስጥ ያቋቋመው ፍሮበል ወረቀት ማጠፍና መቁረጥን ከልጆቹ ሥራዎች አንዱ አድርጎት ነበር። በእሱ ዘዴ ከእጥፋቱ የተቆረጠው ቁራጭ አይጣልም፤ በተዘረጋው ቅርጽ ዙሪያ ተደርድሮ የጌጡ አካል ይሆናል። ይህን ሐሳብ በዚሁ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በትልቁ ማየት የሚፈልግ ሰው መካኒሳ አካባቢ ወደሚገኘው ዞማ ቤተ መዘክር ይሂድ። በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ ቦታ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የአንትሮፖሎጂ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ የመሠረቱት ነው። ቤቶቹ በጭቃና በጭድ ተሠርተዋል፤ ዙሪያው አትክልት ነው። ኤልያስ በዓለም የታወቀው ሌላው ሰው በጣለው ነገር ነው፦ በቁልፍ፣ በክር፣ በኋላም ከተሰበሩ ኮምፒውተሮችና ስልኮች በወጣ ሽቦና ሰሌዳ። ልጅ ይዞ እዚያ መሄድ፣ ቁራጭ ምን ሊሆን እንደሚችል ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ ያስረዳል።

አንድ የሚያስቸኩል ነገር ደግሞ አለ። ጀሞ፣ ለቡና ፉሪ የቅርብ ጊዜ ሰፈሮች ናቸው፤ ከመቆርቆራቸው በፊት እርሻና ግጦሽ ነበሩ። ቤት ያስፈልጋል፤ ሕንፃው ለምን ተሠራ አልልም። ግን አደይ የሚበቅለው ቤት ባልተሠራበት መሬት ላይ ነው፤ ያ መሬት በየዓመቱ ይጠባል። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚያድግ ልጅ አደይን የሚያውቀው በጳጉሜን መገባደጃ መንገድ ዳር ታስሮ ሲሸጥ ሊሆን ይችላል። ከአፈር ሲወጣ፣ ሲያብብ፣ ሲደርቅ አላየውም። እንዲህ ላለው ልጅ መቀስና ወረቀት ከቤት የሚያስወጣ ሰበብ ይሆኑለታል። ሊቆርጠው ነውና ሄዶ ማየት አለበት፤ ሊያየውም ከሆነ አብሮት የሚሄድ ሰው ያስፈልገዋል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹን ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይዛችኋቸው ውጡ፤ ንድፍ አትስጧቸው፤ አበባ ስጧቸው። ወላጆችም በመጪው ጳጉሜን ካላንደሩን ከግድግዳ አውርዱና ጫፉ ደፍን መቀስ አጠገቡ አስቀምጡ። ልጁ ለጎረቤት የሚበቃውን ያህል ይቁረጥ፤ መስከረም 1 ቀን ጠዋትም አንኳኩቶ ራሱ ይስጥ፣ እናንተ አትስጡለት። ሥራው የጳጉሜን አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል፤ ወረቀቱም በነፃ የተገኘ ነው።